ቻርልስተንን ለ40 ዓመታት የመሩት ከንቲባ

ሚስተር ጆሴፍ ራይሊ በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና ግዛት የምትገኘውን የቻርልስተን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 2016 በከንቲባነት አስተዳድረዋል።

በ1943 የተወለዱት የሕግ ባለሙያ አስቀድሞ የግዛቲቱ ምክር ቤት አባል የነበሩ ሲሆን፣ ለከንቲባነት 10 ጊዜ በተከታታይ ተመርጠዋል።

በ1982 ለከተማዋ የመጀመሪያውን ጥቁር የፖሊስ አዛዥ ሾመዋል። በ1989 ሁጎ የተሰኘው አውሎ ነፋስ ካደረሰው ጉዳት በኋላም የመልሶ ግንባታውን ሥራ መርተዋል። በ2015 ዘጠኝ ጥቁር ምዕመናን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በዘረኛ ታጣቂ ሲገደሉ ሐዘንተኞችን አጽናንተዋል።

ቻርልስተን በባሪያ ንግድ ዘመን ዋነኛ ወደብ ነበረች። ይህ ታሪክ እንዳይዘነጋ በ2000 ያቀዱት ሙዚየም በሥልጣን ዘመናቸው አልተጠናቀቀም። ከኃላፊነት ከተነሱ በኋላም ገንዘብ ማሰባሰቡን ቀጥለው፣ ሙዚየሙ በ2023 አፍሪካውያኑ ከመርከብ ይወርዱበት በነበረው ሥፍራ ተከፍቷል።