“ቀኑ አያልቅልኝም”፦ ክረምት፣ ድባቴና የጎረቤት ጓሮ

ዛሬ ስለ ደም ግፊት ልጽፍ ነበር፤ ግን የአክስቴ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ እሱን ላውራችሁ። በተለይ ወላጆቻችሁን ውጭ አገር የወሰዳችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ባለፈው የካቲት አክስቴን ልጠይቅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሄጄ ነበር። እኛ ጋ የካቲት ፀሐዩ አናት ይበሳል። እዚያ ግን ክረምቱ ገና ሊወጣ ነው፤ ዛፉ ራቁቱን ቆሟል፣ በረዶው መንገድ ዳር ቆሽሾ ተቆልሏል። አክስቴ 71 ዓመቷ ነው። የልጅ ልጅ ልትይዝ ሄዳ እዚያው ቀረች። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻዋን ቤት መዋል ሆነ። ሳያት ደነገጥኩ። ከስታለች፣ ቀን ትተኛለች፣ ሌሊት ዓይኗን አፍጥጣ ታድራለች። ቡና ማፍላት ትታለች፣ “ለማን ብዬ?” ትላለች። ልጇ “እርጅና ነው፤ መርሳትም ጀምራለች” አለኝ።

እኛ ሐኪሞች የምንጠቀምባቸው ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች አሉ። ባለፉት 2 ሳምንታት ነገሮችን የመሥራት ፍላጎትዎ ቀንሷል? ሆድ መባስ፣ ተስፋ መቁረጥስ ይሰማዎታል? አብዛኛውን ቀን ከሆነ በደንብ መመርመር ያስፈልጋል። ቡና እያፈላሁ ጠየቅኳት። “ቀኑ አያልቅልኝም እኮ ልጄ” አለችኝ። ከዚህ በላይ ምን መልስ አለ?

ሐኪሟ ጋ ይዘናት ሄድን። የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ተሠራላት፤ የእነዚህ መጓደልም ድካምና መርሳት ያመጣልና። ደህና ነበር። ድባቴ ነው ተባለ፣ ክትትል ጀመረች። አረጋውያን ላይ ድባቴ የመርሳት በሽታ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ግን ይታከማል። “እርጅና ነው” ብሎ ማለፍ በጣም የሚያናድደኝ ለዚህ ነው።

አሁን ወፎቹ ጋ ልምጣ። የኩሽናዋ መስኮት የሚያየው የጎረቤቷን ጓሮ ነው። ቅጠሉ አልተጠረገም፣ የደረቀው አበባ አልተቆረጠም። አክስቴ “ሰነፍ ሴትዮ!” እያለች ትታዘባት ነበር። ለካ ሆን ተብሎ ነው። አጥሩ ላይ ትንሽ ሰሌዳ አለች፤ ናሽናል ዋይልድላይፍ ፌዴሬሽን የሚባለው ድርጅት ከ1973 ጀምሮ ለዱር እንስሳት ምግብ፣ ውኃ፣ መደበቂያና መራቢያ ለሚሆኑ ጓሮዎች የሚሰጠው እውቅና ነው። የደረቀው አበባ ፍሬ የወፎች ስንቅ ነው፣ ቅጠሉ ሥር ደግሞ ነፍሳት ይከርማሉ።

ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዞርኩላት። መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ “ያ ቀዩ ማነው?” አለች። ካርዲናል ነው፤ ወንዱ እንደ በርበሬ የቀላ፣ ሴቷ ቡናማ። ቅዝቃዜው ሳይለቅ፣ ቀኑ መርዘም ሲጀምር ማዜም ይጀምራል። ቀጥሎ ሽኮኮ መጣ። አለት ውስጥ የሚኖረውን የእኛን አገር ሽኮኮ ማለቴ አይደለም፤ ጅራቱ የጎፈረውን፣ ዛፍ ለዛፍ የሚሮጠውን፣ እነሱ ስኩዊረል የሚሉትን ነው። በመከር የዛፍ ፍሬ አንድ በአንድ እየለያየ ይቀብራል፣ በክረምት በትውስታውና በማሽተት ፈልጎ ያወጣል። ይህን ስነግራት “እኔ ቁልፌን ቤት ውስጥ አጣለሁ፣ ይሄ በረዶ ሥር የቀበረውን ያገኛል!” ብላ ሳቀች። ከደረስኩ ጀምሮ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

የኪንግስ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች 1,292 ሰዎችን በስልክ መተግበሪያ ተከታትለው በ2022 ባወጡት ጥናት፣ ወፍ ያዩ ወይም የሰሙ ሰዎች ስሜታቸው የተሻለ ነበር፤ ድባቴ ያለባቸውም ጭምር። ውጤቱ እስከ 8 ሰዓት ቆይቷል። ስሜታቸውን የመዘገቡት ራሳቸው ስለሆኑ ወፍ መድኃኒት ነው ብዬ አልጽፍላችሁም። መድኃኒት የታዘዘለትም ወፍ አየሁ ብሎ እንዳያቆም! ነገር ግን ለድባቴ ከምንሰጣቸው ሕክምናዎች አንዱ ደስ የሚል ትንሽ ነገርን በቀጠሮ መሥራት ነው። የአክስቴ ቀጠሮ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ሆነ፤ ቡናዋን ይዛ መስኮቱ ጋ። የጠዋት ብርሃን የእንቅልፍ ሰዓትንም ያስተካክላል። ቫይታሚን ዲ ግን በመስኮት መስታወት አይገኝም፤ የሚያስፈልገው ጨረር በመስታወት አያልፍም።

በረዶ በሌለበት ቀን ደግሞ ውጭ ወጣ ማለት ነው፣ የማያንሸራትት ጫማ አድርጎ። በዚህ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ስብራት ቀልድ አይደለም። የሞተ ወፍ በባዶ እጅ አይነካም፣ የወፍ መመገቢያ የነካ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ሽኮኮን በእጅ አታብሉ። የእብድ ውሻ በሽታ እሱ ላይ የሚገኘው ከስንት አንዴ ቢሆንም፣ ከነከሰ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥባችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ባለፈው እሑድ ደወልኩላት። ስለ ግፊት መድኃኒቷ እየጠየቅኳት “ቆይ ቆይ፣ ቀዩ ሚስቱን ይዞ መጣ!” ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።