በርበሬ በደጋ ቤት፦ ዘሩ የሚለምነው ሙቀት ነው

የበርበሬ ዘር ዘርቶ አልበቅል ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ውኃ መጨመር ነው። እንደ የጥኖራ፣ ብቸናና ሞጣ ባሉ የደጋ ቦታዎች ግን ዘሩን የሚያስቀረው አብዛኛውን ጊዜ ጥም ሳይሆን ብርድ ነው። ብቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ ቀን ፀሐዩ ቢበረታም ሌሊቱ አፈሩን ያቀዘቅዘዋል። በርበሬ ደግሞ ከአሜሪካ ምድር የመጣ፣ ሙቀት የለመደ ተክል ነው። አፈሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅለት ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ብቅ ይላል። ሙቀቱ ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ ሦስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይቆያል፤ ያን ሁሉ ጊዜ በቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥ የተኛ ዘር ይበሰብሳል። ሚጥሚጣማ በሙቀትም ቢሆን ይዘገያል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ለጠላ ብቅል የምታበቅል እናት ግማሹን ትምህርት ታውቀዋለች። ገብሱን ትዘፈዝፋለች፣ ውኃውን ታጠልላለች፣ በቅጠል ጠቅልላ ድንጋይ ትጭንበታለች። የበርበሬውም መንገድ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ አንድ ነው። የብቅሉ እህል ብዙ ስለሆነ ራሱን ያሞቃል፤ ጥቂት የበርበሬ ፍሬ ግን ሙቀቱን ከምድጃ መዋስ አለበት።

ዘሩን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፈው ያሳድሩት። ጠዋት አጠልለው፣ ንጹሕ ጨርቅ ነክረው በደንብ ከጨመቁ በኋላ ይጠቅልሉትና በፌስታል ውስጥ ያድርጉት። ከዚያ እጅዎን ቢያሳርፉበት ደስ የሚል ሙቀት ካለበት የምድጃ ዳር ያስቀምጡት። የሚያቃጥል ቦታ ዘሩን ይገድለዋል። በየቀኑ ገልጠው አየር ያስገቡለት፤ ጨርቁ እርጥብ ይሁን እንጂ ውኃ አያንጠባጥብ። ከቀናት በኋላ ከጠፍጣፋው ፍሬ ጫፍ ነጭ ሥር ብቅ ይላል። ሥሩ ከጤፍ ፍሬ ትንሽ በለጥ ሲል መትከል ነው፤ ከረዘመ በእጅ ሲነሳ ይሰበራል።

ዘሩ ራሱ ደኅና ካልሆነ ግን ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። ከቃሪያ የወጣ ዘር ገና አልበሰለም። በደንብ ከቀላ፣ በሽታ ከሌለበት ዛላ ያውጡና ጥላ ላይ ያድርቁት። ለማስፈጨት የታመሰ በርበሬ ዘር አይሆንም። ያለዎት ዘር የቆየ ከሆነ መጀመሪያ ዐሥር ፍሬ በጨርቅ ይሞክሩ፤ አምስቱ ብቻ ከጎነቆሉ እጥፍ መዝራት ነው።

አፈሩን በተመለከተ፣ የአካባቢው ዋልካ ለጤፍ የተባረከ ቢሆንም ለብቻው ለችግኝ አይሆንም። ሲረጥብ ውኃ ይቋጥራል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ይቀላቅሉበት፤ ሥሩ የተበሳ ጣሳ ወይም የቆየ ሳፋ ለመደብነት ይበቃል። ዘሩን ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲሜትር ጥልቀት ይቅበሩትና ደረቅ ሣር ያልብሱት። ቡቃያው አንገቱን እንዳወጣ ሣሩን ያንሡ፤ ብርሃን ያጣ ችግኝ ቀጥኖና ገርጥቶ ይወድቃል። ከዚህ ወዲያ ጠዋት ጠዋት፣ አፈሩ ላይ ላዩን ሲደርቅ ብቻ ያጠጡ። አፈሩ ሁልጊዜ ጨቅይቶ ከዋለ ግንዱ ከመሬቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ይጠቁርና ትናንት የቆመው ችግኝ ዛሬ ተኝቶ ይገኛል። ይህ የፈንገስ በሽታ ነው፤ አንዴ ከያዘ በኋላ ችግኙን ማትረፍ ይከብዳል።

ከዶሮም ይጠብቁት። የበርበሬ ማቃጠል ወፍና ዶሮ ላይ አይሠራም፤ ተፈጥሮ ፍሬውን ለእነሱ ብላ የሰጠች ይመስላል፤ ቡቃያውንም ጭረው ይጨርሱታል።

ችግኙ ለተከላ የሚደርሰው በሁለት ወር ገደማ ነው። ስለዚህ የሰኔን መጨረሻ ዝናብ ለመጠቀም የሚያስብ ሰው በሚያዝያ አጋማሽ ይዝራ፤ ያን ጊዜ ደጋውም ከዓመቱ ሁሉ በተሻለ ይሞቃል።