ሦስት ፋይል ብቻ አለ፣ ፕሮግራሙ ግን «ብዙ ፋይል ተከፍቷል» ይላል

በሲ ቋንቋ የፎልደር ይዘት የሚዘረዝር ኮድ ጻፋችሁ እንበል። ውስጡ ሌላ ፎልደር ካገኘ ፈንክሽኑ ራሱን መልሶ ይጠራል። ቀላል ነው አይደል? ሊኑክስ ላይ ስታስኬዱት ግን ያንኑ ስም እየደጋገመ ይተፋና «በጣም ብዙ ፋይል ተከፍቷል» ብሎ ይቆማል። ፎልደሩ ውስጥ ያሉት ሦስት ፋይሎች ናቸው እኮ!

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሸወድና የተፈቀደውን የፋይል ብዛት (ብዙ ጊዜ 1024 ነው) ለመጨመር ይሮጣል። ችግሩ እዛ አይደለም። ስሞቹን የሚያመጣው «ሪድዲር» ሁለት ተጨማሪ ስም ይቀላቅላል፦ አንድ ነጥብ፣ ማለትም ፎልደሩ ራሱ፤ ሁለት ነጥብ ደግሞ ከበላዩ ያለው። ኮዱ አንድ ነጥብን አዲስ ፎልደር መስሎት ይገባል፤ የገባው ግን እዛው ነው። በገባ ቁጥር የቀደመውን ሳይዘጋ ሌላ ይከፍታል።

መፍትሔው ሁለቱን ስሞች በ«ስትርኮምፕ» ለይቶ መዝለል ነው (ስሞቹ አንድ ሲሆኑ የሚመልሰው 0 ነው፣ እሱም ያሳስታል)። በነጥብ የሚጀምረውን ሁሉ ከዘለላችሁ ግን የተደበቁ ፋይሎችም ይቀራሉ።

ኮዱ የሚዘረዝር ሳይሆን የሚሰርዝ ቢሆንስ? በሁለት ነጥቧ ወደ ላይ ወጥቶ ያላዘዛችሁትን ያጠፋ ነበር። ማጥፊያ ስትጽፉ መጀመሪያ ስም ብቻ እንዲያትም አድርጋችሁ አስኪዱት።