የሚመጣውን እትም ስንጠብቅ

አንባቢ ሆይ፤ ማስታወሻዎን የሚጽፉት በምን ላይ ነው? በደብተርና በእስክሪፕቶ ነው የሚሉኝ ከሆነ ይህ ጽሑፍ እርስዎን እምብዛም አይነካም፤ ቢሆንም ልጅዎን ወይም ታናሽ ወንድምዎን ይነካልና ያንብቡት። ዛሬ የከተማ ወጣት የዕቁብ ሒሳቡን፣ የፈተና ቀኑን፣ በሌሊት የመጣለትን ሐሳብ ሁሉ የሚያኖረው በስልኩ ውስጥ ባለ የማስታወሻ ፕሮግራም ነው። እኔ በማስተምርበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ከመምህራኑ ብዙዎቹ የትምህርት ዝግጅታቸውን በዚሁ ይይዛሉ።

ደብተርና ፕሮግራም ግን በአንድ ነገር ይለያያሉ። ደብተር ከተገዛ በኋላ ወረቀቱ እስኪያልቅ ያው ደብተር ነው። ፕሮግራም ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ አይደለም፤ ሠሪዎቹ በየጊዜው እያደሱ አዲስ እትም ያወጡለታል፤ በዘመኑ አነጋገር «አፕዴት» የሚባለው ይህ ነው። ስለዚህ ባለማስታወሻው ዘወትር ጠባቂ ነው። የጎደለው ሁሉ በሚመጣው እትም ይሟላል ይሉታል፤ እርሱም አምኖ የዓመታት ሐሳቡን እዚያው ላይ ይከምራል። ይህ ጥበቃ የሚያዋጣ መሆኑንና አለመሆኑን ለመመርመር ከእኛ በፊት የጠበቁት ሰዎች ምን እንደ ገጠማቸው ማየት ይበጃል። (ዓመታቱን የምጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው «ቻንድለር» የተባለው ፕሮግራም ታሪክ ነው። ሚች ኬፖር የተባለው አሜሪካዊ በ1982 ሎተስ የተባለውን ኩባንያ ከባልደረባው ጋር መሥርቶ፣ በ1983 በወጣው የሒሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራም ስሙ የገነነ ሰው ነው። ከነደፉት ሰዎች አንዱ እርሱ የሆነበት «አጀንዳ» የተባለ ሌላ ፕሮግራም ደግሞ በ1988 ወጣ። የአጀንዳ ብልሃቱ ቀላል ነበር፤ ሰው ሐሳቡን እንደ መጣለት ይጽፋል፤ በየትኛው ክፍል እንደሚመደብ የሚወሰነው በኋላ ነው። ፕሮግራሙ ጥቂት ግን ብርቱ ወዳጆች አፍርቶ ሳለ ኩባንያው ተወው። ኬፖርም በ2002 የአጀንዳን መንፈስ የሚወርስ፣ ማስታወሻን፣ ቀጠሮንና ደብዳቤን ባንድነት የሚይዝ፣ ለሕዝብ በነጻ የሚታደል አዲስ ፕሮግራም እሠራለሁ ብሎ አስታወቀ። ገንዘቡን ከራሱ ኪስ አወጣ፤ በሙያው የታወቁ ሰዎችንም ሰበሰበ።

ከዚያ በኋላ ጥበቃው ተጀመረ። በ2003 ለሙከራ ያህል 0.1 የተባለው እትም ወጣ፤ ቁጥሩ ራሱ ገና ብዙ እንደሚቀር ይናገራል። ሥራው የዘገየው በስንፍና አልነበረም። ሠራተኞቹ ከሥር ጀምሮ ሁሉን በአዲስ መልክ ለማሰብ ፈለጉ፤ አንዱ ጽሑፍ ደብዳቤም፣ ማስታወሻም፣ ቀጠሮም ሆኖ እንዲያገለግል ተመኙ። ዳሩ ግን አንዱ ጥያቄ ሲመለስ ሌሎች ሦስት ይወልድ ነበር። ስኮት ሮዘንበርግ የተባለው ጋዜጠኛ ሦስት ዓመት አብሯቸው ተቀምጦ ሥራውን እየተከታተለ መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ በ2007 ሲታተም ስለ እርሱ የተጻፈለት ፕሮግራም ገና አላለቀም ነበር! በሽፋኑ ላይ የተቆጠረው የስሕተት ብዛት 4,732 ነው። በ2008 መጀመሪያ ኬፖር ከሥራው ወጣ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ 1.0 የተባለው እትም ሲወጣ ከማስታወቂያው ቀን ወዲህ ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ዓለም በእነዚያ ዓመታት ቆሞ አልጠበቀም። የጉግል የቀን መቁጠሪያ በ2006፣ የአፕል አይፎን በ2007 ወጥተዋል። ስድስት ዓመት የጠበቀው ሰው እትሙ ሲደርስለት ፍላጎቱ ተለውጧል። የእኛ ሰው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። እኔ ግን በኬፖር ላይ ለመሳለቅ አልደፍርም፤ ሥራውን ሁሉ በአደባባይ፣ ጉድለቱንም ሳይደብቅ አሳይቷልና።

እትሙ ቢመጣስ? መምጣቱም ራሱን የቻለ ፈተና አለው። የዝሆን ራስ ምልክት ያለው «ኤቨርኖት» በ2008 ለሕዝብ ከተከፈተ በኋላ እጅግ ብዙ ሰው ማስታወሻውን ያስረከበው ፕሮግራም ነበር። የጊዜው መሪ ፊል ሊቢን መቶ ዓመት የሚኖር ኩባንያ እንደሚመኝ ይናገር ነበር። ውሎ አድሮ ግን ለእያንዳንዱ የመሣሪያ ዓይነት የተለያየ ፕሮግራም ሲሠሩ ቆይተው አንዱ ከሌላው የማይስማማ ሆነባቸው፤ ስለዚህ ሁሉን አፍርሰው እንደገና ለመጻፍ ተነሡ። ደንበኞቹም ጠበቁ። በ2020 አሥረኛው እትም ወጣ። የሚያሳዝነው፣ ነባሮቹ ደንበኞች የለመዱት ብዙ ነገር በአዲሱ ውስጥ አልነበረም፤ ለምሳሌ በገዛ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ የሚቀመጥ፣ ወደ ኩባንያው መዝገብ የማይላክ ደብተር መክፈት ቀረ። ኩባንያውም አሮጌውን እትም ከአዲሱ ጎን ለጊዜው እንዲጠቀሙበት መፍቀድ ግድ ሆነበት። በ2023 ንብረቱ ወደ አንድ የኢጣልያ ኩባንያ ተላለፈ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ሳይከፍል የሚጠቀም ሰው ከ50 ማስታወሻና ከአንድ ደብተር በላይ መጨመር እንዳይችል ተወሰነ።

የማይክሮሶፍት «ዋንኖት» ጉዳይ ደግሞ ያስቃል። ኩባንያው በ2018 የቀድሞውን የኮምፒዩተር እትም ከእንግዲህ አላሳድገውም፣ ወደ አዲሱ ተሻገሩ አለ፤ በ2019 ሐሳቡን ለውጦ አሮጌውን ማሻሻሉን ቀጠለ። ተሻገሩ የተባሉበት አዲሱስ? በ2025 ጥቅምት ድጋፉ አበቃ። ትእዛዝ ያከበሩት ተመልሰው ተሻገሩ፤ እንቢ ብለው ከቦታቸው ያልተነቃነቁት ግን ምንም አልደረሰባቸውም።

እንግዲህ አንባቢዬ ምን ይሻላል ይሉኝ ይሆናል። ለእኔ ቁም ነገሩ የሚመጣው እትም መቼ ይወጣል የሚለው አይደለም። ፕሮግራሙ ነገ ቢዘጋ ማስታወሻዬን በሌላ መሣሪያ ከፍቼ ማንበብ እችላለሁን? ነው። ሺዳ ሊና ኤሪካ ሹ የተባሉ ሁለት ወጣቶች በ2020 ያስጀመሩት «ኦብሲዲያን» የተባለው ፕሮግራም የተወደደው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። እያንዳንዱ ማስታወሻ በባለቤቱ ኮምፒዩተር ላይ በተራ የጽሑፍ ፋይል ይቀመጣል፤ ፋይሉን ማንኛውም የጽሑፍ ፕሮግራም ይከፍተዋል። የዚህ ፕሮግራም ወዳጆችም አዲስ እትም ይጠብቃሉ፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ቀድመው ለማየት ገንዘብ ይከፍላሉ። ነገር ግን እትሙ ቢዘገይ የሚዘገይባቸው ምቾት እንጂ ጽሑፋቸው አይደለም።

ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራም ሠሪዎች ሁሉ ፊደሉን በየራሳቸው ቁጥር ይመድቡት ነበር። ስለዚህ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደልና የነጥብ ዝርግፍ ይሆናል። በየመሥሪያ ቤቱ ባሉ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ውስጥ እንዲህ የተቈለፈ ጽሑፍ ዛሬም ይገኛል። የጻፈው ሰው አለ፤ ፋይሉም አለ፤ የሚያነበው ግን የለም።

ፊደሉ መዝገብ ከገባ ወዲህ መጻፉ ተቃልሏል። የቀረን መፈለጉ ነው። እኔ የምጠብቀው እትም ይህን የሚያሟላው ነው፤ እስካሁን የምጠቀምባቸው ፕሮግራሞች አላሟሉትም። በ2020 ላሊበላ ላይ ስለ ታየው የቀለበት ግርዶሽ ለተማሪዎችዎ ማስታወሻ ጽፈዋል እንበል። ከወር በኋላ «ፀሐይ» ብለው ቢፈልጉ፣ ከባልደረባዎ የተቀበሉት ጽሑፍ «ጸሀይ» የሚል ከሆነ ፕሮግራሙ የለም ይልዎታል። ቁጥሩን ላስላልዎት። የመጀመሪያው ፊደል በፀ ወይም በጸ ይጻፋል፤ ሁለተኛው በሐ፣ በሓ፣ በሀ፣ በሃ፣ በኀ፣ በኃ ሊጻፍ ይችላል። አንዲት ፀሐይ በ12 ዓይነት አጻጻፍ ትገኛለች ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ የጠለቀ ነው። እንግሊዝኛ ቃሉን ሲያበዛ አብዛኛውን ጊዜ ከጫፉ ላይ ፊደል ይጨምራል እንጂ የነበረውን አይነካም። አማርኛ ግን የመጨረሻውን ፊደል ራሱን ይለውጠዋል። ጂኦግራፊ አስተምራለሁና «ወንዝ» ብዬ ብፈልግ «በወንዝ» ይገኝልኛል፤ «ወንዙ»፣ «ወንዞች»፣ «ወንዛችን» ግን አይገኙም፤ ዝ፣ ዙ፣ ዞ፣ ዛ ለኮምፒዩተሩ አራት የተለያዩ ፊደላት ናቸውና። ለጊዜው የሚያገለግል ዘዴ አለ፤ የመጨረሻውን ፊደል ጥለው «ወን» ብለው ይፈልጉ። ወንድሙም ወንበሩም አብረው ይመጡብዎታል እንጂ የሚፈልጉት ከመካከላቸው አይታጣም።

አንዳንድ ሰው ይህን ሁሉ በዩኒኮድ ሠሪዎች ያሳብባል። ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም። በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ግን ሰረቀ ማለት ነው፤ ፊደላቱን አንድ ቢያደርጓቸው ሊቃውንቱ በትክክል ይቈጡ ነበር። መዝገቡ ይለያቸው፤ ፈላጊው ፕሮግራም ግን በሚፈልግበት ሰዓት ልዩነታቸውን ችላ ይበል። የላቲንን ትልቁንና ትንሹን ፊደል እንዲሁ እያደረገ ይፈልግ የለምን?

ይህንንም ለማግኘት የግድ የባሕር ማዶ ሠሪዎች እስኪያስቡልን መቀመጥ የለብንም። ለኦብሲዲያን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው የሠሯቸው ተጨማሪ መሣሪያዎች ከሺሕ በላይ ናቸው፤ ኮምፒዩተር የሚማር የእኛ ልጅ የማይሠራበት ምክንያት የለም። በትምህርት ቤታችን ጥቂት ተማሪዎች በዕረፍት ሰዓት የሞክሼ ፊደላትን ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ጀምረዋል። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ሲመለሱ በየሰባት ቤታቸው 35 ፊደላት ሆኑ፤ ሃን ከሀ፣ ኣን ከአ ጋር ሲያስተካክሉ 37። የግማሽ ገጽ ሥራ ነው። እስከ አሁን ያከራከራቸው ኸ ብቻ ነው፤ አንደኛው «ኹሉ»ን አንሥቶ ከሀ ጋር ይሁን ሲል፣ አያቱ «ከተማ»ን «ኸተማ» የሚሉት ልጅ ከከ ጋር ካልሆነ ብሎ አስቸግሯል፤ ጉዳዩ ለአማርኛ መምህራችን ተመርቷል።