ቀነ ገደብ እንዳያመልጥ፦ ሥራ የሚበዛባቸው ወላጆች የጉዳይ ዝርዝር አያያዝ

በወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት አንድ ሕፃን በተወለደ በ90 ቀናት ውስጥ ልደቱ መመዝገብ አለበት። ዘጠና ቀን ረጅም ጊዜ ይመስላል። ይሁንና እናት ከአራስነት የምትነሣበት፣ ዘመድ ወዳጅ ለጥየቃ የሚመላለስበት፣ አባት ወደ ሥራው የሚመለስበትና የመጀመሪያዎቹ ክትባቶች የሚሰጡበትም ያው ዘጠና ቀን ነው። ምዝገባው ከሚያመልጣቸው ወላጆች መካከል ግዴታቸውን እያወቁ “በሚቀጥለው ሳምንት” ሲሉ ጊዜው ያለፈባቸው ጥቂቶች አይደሉም። ጊዜው ካለፈ በኋላ ማስመዝገብ ቢቻልም፣ ተጨማሪ ማስረጃ ማቅረብንና ተደጋጋሚ ምልልስን ሊያስከትል ይችላል። የልደት ምስክር ወረቀት ያልወጣለት ልጅ ደግሞ ትምህርት ቤት ሲገባም ሆነ ፓስፖርት ሲጠየቅለት ችግሩ እንደገና ይነሣል።

በብዙ ቤት የቤተሰቡ ጉዳይ ሁሉ የሚቀመጠው በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ ነው፤ ያ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት። የትኛው ልጅ ክትባት እንደቀረው፣ የትምህርት ቤት ክፍያ መቼ እንደሚያበቃ፣ የዕድር መዋጮ መከፈል አለመከፈሉን የምታስታውሰው እርሷ ብቻ ከሆነች፣ ስትታመም ወይም መንገድ ስትሄድ ጉዳዩ ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ የጽሑፍ ዝርዝር ማስታወሻ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ሌላው የቤተሰብ አባል ማንንም ሳይጠይቅ ጉዳዩን ካለበት ተቀብሎ መጨረስ እንዲችል ሆኖ ሲጻፍ ነው ተገቢውን ጥቅም የሚሰጠው።

ምን ይጻፍ?

“ልደት ማስመዝገብ” ብሎ የተጻፈ መስመር ለወራት ሳይነካ ሊቀመጥ ይችላል፤ ምክንያቱም አንድ ሥራ መስሎ ቢታይም በውስጡ በርካታ ሥራዎችን የያዘ ነው። ከጤና ተቋሙ የልደት ማሳወቂያ መቀበል አንዱ ነው። የወላጆችን መታወቂያ ማዘጋጀት ሌላው ነው፤ ከመታወቂያዎቹ የአንዱ የአገልግሎት ጊዜ ያለፈበት ከሆነ ደግሞ ማሳደስ ይቀድማል። ሁለቱም ወላጆች መቅረብ ይኖርባቸው እንደሆነና ምን ዓይነት ሰነድ እንደሚያስፈልግ በሚኖሩበት ቀበሌ ወይም ወረዳ የሚገኘውን የክብር መዝገብ ሹም አስቀድሞ መጠየቅም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እነዚህ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መስመር ሲጻፉ፣ ግማሽ ሰዓት ያገኘ ሰው በዚያች ግማሽ ሰዓት ሊጨርሰው የሚችለውን ለይቶ ያወጣል።

በእያንዳንዱ መስመር አንጻር ሁለት ቀኖች እንዲጻፉ ይመከራል፤ አንደኛው ጉዳዩ የሚጀመርበት፣ ሁለተኛው የመጨረሻው ቀን። ብዙ ሰው የሚጽፈው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ነገር ግን ባለጉዳይን ለእንግልት የሚዳርገው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ ዘግይቶ መጀመሩ ነው። መታወቂያው እንዳበቃ ቢሮ ደርሶ የሚያውቅ ወላጅ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ከመሥሪያ ቤቱ የወሰደውንም ፈቃድ ያባክናል።

የቀን አቆጣጠር ጉዳይ

አንድ ሕፃን ጥቅምት 12 ቀን ተወለደ እንበል። ዘጠና ቀን የሚሞላው ጥር 12 ነው። በአገራችን የመደበኛ ክትባት መርሐ ግብር መሠረት ሕፃኑ እንደተወለደ ከሚሰጠው የሳንባ ነቀርሳና የፖሊዮ ክትባት በኋላ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ዕድሜው ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ይህም ኅዳር 24፣ ታኅሣሥ 22 እና ጥር 20 ላይ ይውላል። “ለሦስተኛው ክትባት ስንወጣ በዚያው እናስመዘግበዋለን” ብለው ያሰቡ ወላጆች የምዝገባውን ጊዜ በስምንት ቀን ያሳልፋሉ ማለት ነው። ሁለቱን ቀጠሮዎች በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን የጻፈ ቤተሰብ ግን ከሁለተኛው ክትባት ጋር፣ ታኅሣሥ 22 አካባቢ፣ ሁለቱንም በአንድ ጉዞ ሊፈጽም እንደሚችል ወዲያው ያያል።

የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር የሚሰጥ በመሆኑ ለዚሁ ሕፃን ሐምሌ 12 እና በቀጣዩ ዓመት ጥር 12 መጻፍ ይኖርበታል። በተለይ የመጨረሻው በቀላሉ ይረሳል፤ ልጁ መራመድ ጀምሯል፣ ጤናማ ነው፣ ከቀድሞው ክትባትም ስድስት ወር አልፏል። ቀጠሮ ያለፈበት ልጅ ቢኖር ወላጆች አፍረው ወይም “ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው” ብለው ሊቀሩ አይገባም። የተቋረጠ ክትባት በአብዛኛው ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደ አዲስ አይጀመርም። ትክክለኛውን ቀን የሚወስነው ግን በክትባት ካርዱ ላይ በጤና ባለሙያ የተጻፈው ቀጠሮ ነው።

በክረምት ለሚወለዱ ሕፃናት ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዘጠና ቀን ሦስት ወር ነው የሚለው ስሌት የሚሠራው በመካከል ጳጉሜን ከሌለ ብቻ ነው። ነሐሴ 1 ቀን የተወለደ ልጅ ዘጠና ቀን የሚሞላው ኅዳር 1 ሳይሆን ጥቅምት 26 ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን በምትሆንበት ዓመት ደግሞ ጥቅምት 25።

ሞባይል ስልክ ላይ ማስታወሻ የሚይዙ ወላጆችም የሰዓቱንና የዘመኑን ልዩነት ማስተዋል አለባቸው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተሰጠ ቀጠሮ በብዙ ስልኮች ላይ 8፡00 ተብሎ መሞላት ይኖርበታል፤ እንዳለ 2፡00 ተብሎ ከተሞላ ደወሉ ቤተሰቡን የሚቀሰቅሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። በፓስፖርት ላይ የሚሰፍረው ቀንም በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ስለሆነ፣ በዝርዝሩ ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን መጻፍ ይበጃል፦ ጥቅምት 12 ቀን 2018፣ ኦክቶበር 22 ቀን 2025።

ማን ይፈጽመው?

ስም ያልተጻፈበት መስመር በተለምዶ ወደ እናት ይመለሳል። በመሆኑም በእያንዳንዱ ጉዳይ አጠገብ የአንድ ሰው ስም ሊሰፍር ይገባል፤ “እኛ” የሚል አይበቃም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ባለቤቱ ለወለደችለት ሠራተኛ የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀናት ሙሉ ክፍያ ያለው ፈቃድ አጭር ቢሆንም፣ የልደት ማሳወቂያውን ለመቀበልና ለምዝገባ የሚያስፈልገውን ጠይቆ ለመጻፍ ይበቃል። ልጅን ብቻቸውን የሚያሳድጉ ወላጆች ደግሞ በእህት፣ በአያት ወይም በታመነ ጎረቤት ሊፈጸም የሚችለውን ጉዳይ ወላጁ ራሱ መቅረብ ካለበት ለይተው ቢጽፉ ጫናው ይቀልላቸዋል።

ዝርዝሩ የሚቀመጥበት ቦታ ሁሉም የሚያየው መሆን አለበት። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ የዘመን መቁጠሪያ ለዚህ አመቺ ነው፤ ደብተርም ቢሆን ባትሪ አያልቅበትም። ማንበብና መጻፍ በማይችሉ ወላጆች ቤት በመቁጠሪያው ቀን ላይ ለክትባት አንድ ዓይነት ቀለም፣ ለትምህርት ቤት ሌላ ቀለም ማክበብ፣ ወይም ተማሪ ልጅ በየሳምንቱ እሑድ እንዲያነብላቸው ማድረግ ይቻላል። በገጠር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲመጡ ቀጣዩን ቀን እንዲያመለክቱ መጠየቅም ተገቢ ነው።

የክረምቱ ዝርዝር ለብቻው

አንደኛ ክፍል የሚገቡ የ7 ዓመት ልጆችም ሆኑ ነባር ተማሪዎች ያሉበት ቤተሰብ ለመስከረም የሚያስፈልገውን ከሐምሌ ጀምሮ ቢጽፍ ይመረጣል። የደንብ ልብስ ልክ የሚለካበት፣ ደብተርና ጫማ የሚገዛበት፣ የመመዝገቢያ ክፍያ የሚፈጸምበት ጊዜ ከእንቁጣጣሽ ወጪ ጋር ይገጣጠማልና። በዚህ ዝርዝር ላይ ከእያንዳንዱ ዕቃ ፊት ለፊት የሚገመተውን ዋጋ ጽፎ ለሁለት ደመወዝ ማከፋፈል ይቻላል። ካለፈው ዓመት የተረፈ ደብተርና ገና የሚበቃ የደንብ ልብስ መኖሩን ሳያዩ ዝርዝሩን መጀመር ግን ለአላስፈላጊ ወጪ ይዳርጋል።

የተፈጸመ ጉዳይ ሲሰረዝ ቀኑ፣ የደረሰኙ ወይም የምስክር ወረቀቱ ቁጥርና ሰነዱ የተቀመጠበት ቦታ በአጠገቡ ይጻፍ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድና የትምህርት ውጤት በአንድ አቃፊ ውስጥ ሆነው፣ የእያንዳንዳቸው ፎቶ ኮፒ ለብቻው ይቀመጣል። የተሞላ ገጽም አይቀደድም፤ ለታናሹ ልጅ ዝርዝር ሲወጣ በታላቁ ጊዜ የትኛው ጉዳይ ስንት ቀን እንደፈጀ የሚታወቀው ከዚያው ነው።