የሐበሻ ጎመን ከጓሮ እስከ ድስት

ክረምቱ ጠንቶ ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ ሊያልቅ ሲል፣ አዲሱም ገና ቡቃያ ሳለ፣ የደጋው ገበሬ ቤተሰብ ፊቱን ወደ ጓሮ ያዞራል። ከቤቱ ኋላ፣ የበረት ጥራጊ ሲደፋበት በኖረ ለም አፈር ላይ የቆመው የሐበሻ ጎመን ሐምሌንና ነሐሴን ያሻግራል። መስከረም ሲጠባ ደግሞ የጎመኑ ምንቸት ወጥቶ የገንፎው እንዲገባ እየተመኙ ይሸኙታል። ያን ያህል ባለውለታ ሆኖ ሳለ፣ ያጣ ሰው የሚበላው ነው የሚለው ስም እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ይህ ስም አይገባውም ባይ ነኝ። ጓሮ ወይም በረንዳ ላለውና አትክልት መትከል ለሚጀምር ሰው ከጎመን የተሻለ ተክል አላውቅም። ቀይ ሥርም ሆነ ጥቅል ጎመን አንዴ ከተነሳ አበቃ፤ የሐበሻ ጎመን ግን ቅጠል በቅጠል እየተቀነጠሰ ቤተሰብን ለወራት ያበላል።

በሳይንስ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ ይባላል፤ መገኛውም የኢትዮጵያ ደጋ ነው። አገዳው ቀጥ ያለ፣ ቅጠሉ ሰፊ፣ አበባው ቢጫ ነው፤ ለዘር ከተተወ የሰው ቁመት ሊደርስ ይችላል። ገበያ ላይ ጎን ለጎን ቢደረደሩም ቆስጣ ዘመዱ አይደለም፤ ቆስጣ የቀይ ሥር ወገን ነው። የጎመን እውነተኛ ወላጆች ተለይተው የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1935 ናጋሃሩ ዩ የተባለ ተመራማሪ ጃፓን ውስጥ ባሳተመው ጥናት ነው። ሰናፍጭ 8 ጥንድ ክሮሞሶም አለው፤ ጥቅል ጎመን የሚመደብበት ዝርያ 9 አለው፤ የእኛ ጎመን 17። ሁለቱ በጥንት ዘመን ተዳቅለው የሁለቱንም ሙሉ ውርስ የያዘ ሦስተኛ ተክል ተገኘ ማለት ነው።

ጥሬውን ቅጠል ያኘከ ሰው የሰናፍጩን ወገን ወዲያው ይለየዋል። ጎመን ሲከተፍ ኩሽናውን የሚሞላው ሽታም ከዚያው ነው። በቅጠሉ ሕዋሶች ውስጥ ድኝ ያለበት ውህድና እሱን የሚፈታ ኢንዛይም ተለያይተው ይኖራሉ። ቢላዋ ወይም የትል ጥርስ ሕዋሱን ሲበጣው ሁለቱ ይገናኙና አፍንጫ የሚቆጠቁጠው የሰናፍጭ ዘይት ይፈጠራል። ተክሉ ራሱን ከበላተኛ የሚከላከልበት መሣሪያ ነው፤ እኛ ግን ጣዕም ብለን ወደድነው።

ዘሩ ደቃቅ ነው፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ከመበተን ችግኝ ማፍላት ይሻላል። አፈሩን አድቅቆ፣ መደቡን አስተካክሎ፣ ዘሩን በመስመር ጣል ጣል አድርጎ በስሱ አፈር ማልበስ ነው። ሙቀትና እርጥበት ካገኘ በሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል። ከአንድ ወር ከሳምንት በኋላ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ ይዛወራል። የሚዛወረውም ፀሐይ ስትበርድ፣ ወደ ማታ ላይ ነው፤ በጠዋት የተተከለ ችግኝ እኩለ ቀን ላይ ጠውልጎ ሰውን ያስደነግጣል። በአንዱና በሌላው መካከል 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተዋል። ጠጋ ጠጋ ተደርጎ የተተከለ ጎመን መጀመሪያ ላይ ጓሮውን የሞላ ቢመስልም ኋላ ቅጠሉ እየቀጠነ ይሄዳል። በዝናብ ለሚተማመን ሰው በግንቦት የፈላ ችግኝ ሰኔ ላይ ይተከላል። ቧንቧ ወይም ጉድጓድ ያለው ግን ዓመቱን ሙሉ መትከል ይችላል።

አፈሩን ማወቅ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ በቦሌና በአቃቂ በኩል ያለው መረሬ ነው፤ ክረምት ላይ ውሃ ይይዛል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። ጎመን ሥሩ ውሃ ውስጥ እንዲቆም ስለማይወድ እዚያ መደቡን ከፍ ማድረግ ግድ ነው። በእንጦጦ ግርጌ ያለው ቀይ አፈር ውሃውን ያሳልፋል፤ የሚጎድለው ምግብ ነው። ሁለቱንም የሚክሳቸው በደንብ የበሰበሰ ፍግ ነው። ትኩስ ፍግ ግን ሥሩን ያቃጥላል፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር ተከምሮ ይቆይ። የቡና አተላ፣ የሽንኩርት ልጣጭና የድንች ልጣጭ አብረውት ቢበሰብሱ አፈሩ ይወፍራል።

ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰውም አይቀርበትም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከላይ ተቆርጦ፣ ከታች ተበስቶ፣ አፈርና አሸዋ ከብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ ሲሞላ አንድ ጎመን በምቾት ይይዛል። ወሳኙ ፀሐይ ነው። በረንዳው በቀን አምስት ስድስት ሰዓት ብርሃን ካላገኘ ጎመኑ እየረዘመ ይቀጥናል። ዕቃ ውስጥ ያለ አፈር ቶሎ ስለሚደርቅም በጋ ላይ በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል። አትክልት የታጠበበት ውሃ ይሆነዋል፤ ሳሙና ያለበት የዕቃ እጣቢ ግን አይደፋበት።

ስለ ውሃ ካነሳሁ፣ ከተማ ውስጥ ጎመን በራስ ደጃፍ መትከል የሚያስፈልግበትን ትልቁን ምክንያት እዚህ ላይ ልናገር። አዲስ አበባ ገበያ ከሚገባው ቅጠላ ቅጠል ውስጥ በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር በመስኖ የሚለማ አለ። ወንዙ የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ ይሸከማል፤ ተመራማሪዎችም በዚያ ውሃ በበቀሉ አትክልቶች ውስጥ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ጭቃና ተውሳክ በማጠብ ይቀንሳል፤ ቅጠሉ ውስጥ የገባ ብረት ግን በማጠብ አይወጣም። ገበያ ላይ የታሰረው ጎመን የየትኛው ማሳ እንደሆነ በዓይን አይለይም። በጀሪካን የበቀለውን ግን ምን እንደጠጣ ያጠጣው ሰው ያውቃል።

አሁን ወደ አቀናጠሱ እንምጣ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። እናቴ ጎመን ልቀንጥስ ስወጣ ከኩሽና ሆና «አናቱን አትንኪ!» ትለኝ ነበር። ጎመን የሚያድገው ከአናቱ ነው። አዲስ ቅጠል ከመካከል እየወጣ አሮጌው ወደ ታች ይወርዳል። የሚቀነጠሰው ከታች ጀምሮ ሲሆን አናቱ ላይ አምስት ስድስት ቅጠል ሁልጊዜ ይተውለታል። የቅጠሉ ዘንግ አገዳው ላይ የተጣበቀበትን ቦታ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዞ ወደ ጎንና ወደ ታች ሰበር ማድረግ ነው፤ ቀጭ ብሎ ይለቃል። ወደ ታች ብቻ የጎተተ ሰው የአገዳውን ልጣጭ አብሮ ይገፈዋል፤ በዚያ ቁስል ብስባሴ ይገባል። መሬት የነካውና ቢጫ የሆነው ቅጠል ወደ ብስባሹ ይጣል። ለድስት የሚሆነው የእጅ መዳፍ የሚያህለው ወይም ትንሽ የሚበልጠው ነው፤ ከዚያ በላይ ካደገ ዘንጉ ይጠነክራል። እንዲህ እየተቀነጠሰ ወራት ሲያልፉ አገዳው ይራቆትና ጎመኑ ቅጠሉን እንደ ዘንባባ አናቱ ላይ ተሸክሞ ይታያል። ያኔም መስጠቱን አያቆምም። አበባ ሊያወጣ ሲል ለጋው ጫፍ ከነእምቡጡ ይሰበራል፤ እሱም ይበላል፣ እንዲያውም ከሁሉ የሚጥመው እሱ ነው። ከጎኑ ሌላ ቀንበጥ ያወጣል። በእኔ ግምት 15 እግር ጎመን አምስት ሰው በሳምንት አንድ ቀን ወጥ አያሳጣም።

ዋናው ጠላቱ ክሽክሽ ነው፤ በቅጠሉ ጀርባና በለጋው ጫፍ ላይ ዱቄት የተነሰነሰባት የምትመስል ግራጫ ነፍሳት ተከማችታ ትመጠዋለች። በበጋ ትበረታለች፤ ክረምት ላይ ዝናቡ ያጥባታል። በየሁለት ሦስት ቀኑ ቅጠሉን ገልብጦ የሚያይ ሰው ገና ጥቂት ሳለች በጣቱ ይጨርሳታል። ከበዛች ለስላሳ ሳሙና በውሃ አቅጥኖ መርጨትና በማግስቱ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ይረዳል። ጀርባዋ ቀይ፣ ነጠብጣቧ ጥቁር የሆነችውን ትንሽ ጥንዚዛ ግን አትግደሏት፤ ክሽክሽን የምትበላ እሷ ናት። ለጓሮ ጎመን የፋብሪካ መርዝ መርጨት አይታየኝም፤ ነገ የሚበላ ቅጠል ነው።

ከተቀነጠሰ ሰዓት ያልሞላው ጎመን ከገበያ እስር ጋር በጣዕም አይገናኝም። ጠንካራውንና የቆየውን ጎመን አስቀድሞ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት የተለመደ ነው፤ ምሬቱን ይወስዳል። ከውሃው ጋር ግን ቫይታሚን ሲው አብሮ ይደፋል። ለጋ የጓሮ ጎመን ይህ አያስፈልገውም። ለጾም ወጥ ሽንኩርቱን በዘይት ማቁላላት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል መጨመር፣ ከዚያ ታጥቦ በደቃቁ የተከተፈውን ጎመን ከነእርጥበቱ ማግባት ነው። ጥቂት ፍል ውሃ ጠብ እያደረጉ ያበስሉታል። ድስቱ ባይከደን ይመረጣል። ጎመን ሲፈላ የሚወጣው አሲድ በእንፋሎት ካልሄደ አረንጓዴውን ቀለም ያበላሸዋል፤ ተከድኖ የቆየ ጎመን ወደ ቡናማ የሚያደላው ለዚህ ነው። ቃሪያው ፍሬው ወጥቶ በቀጭኑ ተቆርጦ የሚገባው ድስቱ ከመውጣቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው።

ዘይቱም ሆነ ቅቤው ለጣዕም ብቻ አይደለም። በጎመን ውስጥ ያለው፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር ያለ ስብ በደንብ አይዋሐድም። ካልሲየሙን በተመለከተ ደግሞ ጎመን ከቆስጣ ይበልጣል። ቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን አስሮ ሲያስቀር፣ ጎመን ውስጥ ግን ኦክሳሌቱ ትንሽ ስለሆነ ሰውነት ያገኘዋል። ወተት የማይጠጣ ጿሚ ቤት ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጎመንን በክብር የሚያቀርበው ግን የጉራጌ ማዕድ ነው። ለጎመን ክትፎ ቅጠሉ ይቀቀላል፤ ውሃው ጠብ እስኪል ድረስ በእጅ ይጨመቃል፤ ከዚያ በስለታም ቢላዋ እስኪልም ይከተፋል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያጣ ሰው የሚያገኘው ተራ የጎመን ቅቅል ነው። በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረ ቅቤ ሞቅ ተደርጎ ይፈስበታል፤ ሚጥሚጣና ጨው ገብቶ ይታሻል። ከአይብና ከቆጮ ጋር ሲቀርብ የችግር ምግብ የሚለውን ስም ማን ያስታውሳል? ጎመን በሥጋም አለ፤ አጥንት ያለው ሥጋ አስቀድሞ በስሎ ጎመኑ መረቁ ላይ ይገባል።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የሐበሻውን ጎመን በቀላሉ ስለማያገኙ ኮላርድ የሚባለውን ቅጠል ይሠሩበታል፤ የምግብ ቤቶቹም ጎመን አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። የጥቅል ጎመን ወገን ሲሆን ቅጠሉ ወፍራም ነው፤ እሳት ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ጓሮ ያለው ግን የካሪናታን ዘር ዘርቶ የለመደውን ማግኘት ይችላል፤ ደጋ የለመደ ተክል ስለሆነ የፀደይና የመኸር ቅዝቃዜ ይስማማዋል።

የቀረው ዘሩ ነው። ጎመን ዘር በኢትዮጵያ ከቅጠሉ ያላነሰ ሥራ አለው። አዲስ ምጣድ ሲሟሽ ጎመን ዘር እየተደጋገመ ይታሽበታል፤ ዘይቱ የሸክላውን ጥቃቅን ቀዳዳ እየደፈነ እንጀራው እንዳይያዝ ያደርጋል። በየጋገራውም ማሰሻው እሱን ይዞ ምጣዱ ላይ ይዞራል። ዘይቱ ኢሩሲክ አሲድ ስለሚበዛበት ለምግብነት እምብዛም አይመረጥም፤ በሌላው ዓለም ግን ፈላጊ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2012 የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ፋልከን 20 ጄት ከካሪናታ ዘይት በተሠራ፣ ሌላ ነዳጅ ባልተቀላቀለበት ነዳጅ ኦታዋ ላይ በረረ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ደግሞ የኳንታስ ቦይንግ 787 ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን ሲበር ከነዳጁ ውስጥ ከካሪናታ የተሠራ ነበረበት። ምጣድ የምናሟሽበት ዘር ውቅያኖስ አሻገረ ማለት ነው።

ለቀጣዩ ዓመት ዘር ለመያዝ ከጎመኖቹ መካከል ቅጠሉ የሚያምረውንና አበባ ለማውጣት የዘገየውን ሁለት ሦስት እግር መምረጥ ነው። ቶሎ የሚያብበውን ያስቀረ ሰው ልጆቹም ቶሎ ያብቡበታል። ከመረጣቸው በኋላ መቀንጠሱን ያቆማል። ቆባው ቢጫ ሆኖ መድረቅ ሲጀምር አገዳውን ቆርጦ ጥላ ሥር ዘቅዝቆ ይሰቅለዋል፤ ሲደርቅ ጨርቅ ላይ አሽቶ፣ በሰፌድ አንፍሶ፣ በደረቅ ብልቃጥ ያስቀምጠዋል። እርጥበት ካልነካው ለጥቂት ዓመታት ይበቅላል። ከአንድ እግር የሚገኘው ለራስም ለጎረቤትም ይበቃል፤ የተረፈው ለማሰሻው ይሆናል።