«ግልባጭ» እና «መጠባበቂያ»፤ ስለ መረጃ ማከማቻ ቃላት አጭር መግለጫ

ባለፈው ዓመት አራት ተማሪዎች ሆነን ለጥናታችን የሰበሰብነውን ቃለ መጠይቅ በአንድ ኮምፒዩተር አስቀምጠን፥ የተጻፈው ሁሉ ወዲያውኑ በሌላ ኮምፒዩተር እንዲገለበጥ አድርገን ነበር። በሁለት ቦታ ስላለ አይጠፋም ብለን ተማመንን። አንድ ቀን ግን ከመካከላችን አንዱ ማኅደሩን በስሕተት ቢሰርዘው ከሁለቱም ቦታ ጠፋ። የሦስት ወር ድካማችን ከንቱ የሆነው መሣሪያው ስለ ተበላሸ ሳይሆን የሁለት ቃላትን ልዩነት ባለማወቃችን ነው። ይህ በሌሎች ጓደኞቻችን ላይ እንዳይደርስ በማሰብ ቃላቱን ከነሥራቸው ባጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን።

በመጀመሪያ «ዲስክ» እና «ቮልዩም» የሚባሉትን መለየት ያስፈልጋል። ዲስክ በእጅ የሚዳሰሰው ዕቃ ነው። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው ባለ ዲስክ ማከማቻ 50 ዲስኮች ተደራርበውበት 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ይይዝ ነበር። ቮልዩም ግን ኮምፒዩተሩ እንደ አንድ ሙሉ ማከማቻ አድርጎ የሚቈጥረው ክፍል ነው። አንድ ዲስክ በብዙ ቮልዩም ሊከፈል፥ ብዙ ዲስኮችም ተባብረው አንድ ቮልዩም ሊሆኑ ይችላሉ።

በአንዱ ቮልዩም የሚጻፈው ሁሉ ሌላ ቦታ ባለ ቮልዩም እንዲደገም ማድረግ «ሬፕሊኬሽን» ይባላል። ይህም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ሲንክሮነስ» የሚባለው ሲሆን፥ ጽሕፈቱ በሁለቱም ቦታ መድረሱ ሳይረጋገጥ ሥራው አይቀጥልም። ሁለተኛው፥ ማለት «አሲንክሮነስ»፥ በዋናው እንደ ተጻፈ ይቀጥላል፤ ቅጂው ኋላ ይደርሳል። የመጀመሪያውን ርቀት ያዘገየዋል። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፥ ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ለሚሆን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ደርሶ መልሱ ብቻ የሴኮንድ አንድ ሺሕኛ ይፈጃል። ይህም በየጽሕፈቱ ይደጋገማል። ሁለተኛው ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ዋናው በድንገት ቢጠፋ ገና ያልደረሱት ጽሕፈቶች አብረው ይቀራሉ።

እኛን ያሳተን «ግልባጭ» የሚለው ቃል ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ዋናው ቢቀደድ ግልባጩ በመዝገብ ቤት ይተርፋል። የቮልዩም ቅጂ ግን እንዲህ አይደለም፤ መሰረዝም ለእርሱ እንደ መጻፍ ስለሆነ ተከትሎ ይሰረዛል። ስለዚህ ከመሣሪያ ብልሽትና ከእሳት ያድናል እንጂ ከሰው ስሕተት አያድንም።

ከስሕተት የሚያድነው «ባክአፕ»፥ ማለት መጠባበቂያ፥ ነው። ይኸውም ቀኑ ተመዝግቦ፥ ከዋናው ተለይቶ የሚቀመጥና ዋናው ሲለወጥ የማይለወጥ ቅጂ ነው። «ስናፕሾት» ደግሞ ቮልዩሙ በአንድ ሰዓት የነበረበትን ሁኔታ ይዞ ያቆያል። ጊትላብ በተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ሠራተኛ የዋናውን ዳታቤዝ ማኅደር በስሕተት በሰረዘ ጊዜ፥ ከ6 ሰዓት ያህል በፊት የተነሣ ስናፕሾት በመገኘቱ የጠፋው ከዚያ በኋላ የተጻፈው ብቻ ሆነ። ሆኖም ስናፕሾት አብዛኛውን ጊዜ ከቮልዩሙ ጋር በአንድ ማከማቻ ስለሚኖር መጠባበቂያን አይተካም።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት ሬፕሊኬሽን የሚያስገኘውን ቅጂ «ግልባጭ» ከማለት ይልቅ «መስተዋት» ማለት ይሻላል፤ ባለቤቱ ከፊቱ ሲሄድ መልኩም አብሮ ይሄዳልና። ጥናቱን በኮምፒዩተር የሚያስቀምጥ ጓደኛችንም «ስንት ቅጂ አለኝ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን፥ «ዛሬ ብሳሳት የትናንቱን ከየት አገኘዋለሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ።